ቢጫው ለምን መሃል ላይ ይቆማል? ስለ መስመር ቀለም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ከሚማሩ ልጆች ጋር ቁጭ ባልኩ ቁጥር የሚመጣ ጥያቄ አለ። የቡና መረከቢያ መዝገብ የሚሆን ትንሽ የዴስክቶፕ አፕ ይሠራሉ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ገበሬ ርክክብ ነው፦ ስም፣ ስንት ፈረሱላ ጀንፈል፣ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም። ያልተከፈለው መስመር ቢጫ እንዲሆን ይፈልጋሉ። የሚሠሩት በፓይተን ቋንቋ፣ የአፕ መስኮትና ቁልፍ መሥሪያ በሆነው ቲኪንተር ላይ ባለው የቴክስት (የጽሑፍ) ሳጥን ነው። ቀለሙ ግን እንዳሰቡት አይሆንላቸውም።

«የሳጥኑን ባክግራውንድ ከቀየርኩ ይበቃል።»
አይበቃም፤ ያ ሳጥኑን በሙሉ ይቀባዋል። ለአንድ መስመር ታግ፣ ማለትም የጽሑፉ ክፍል ላይ የሚለጠፍ የመልክ መለያ፣ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ለታጉ ስምና ቀለም ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ከየት እስከ የት እንደሚያርፍ ትነግሩታላችሁ።

«ታግ መስመር ይቀባል።»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ታግ የሚያርፈው ፊደላት ላይ ነው። ሦስተኛውን መስመር ከ3.0 (ከነጥቡ በፊት ያለው መስመሩ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ፊደሉ ነው) እስከ መስመሩ መጨረሻ ብትሉት፣ ቢጫው የመጨረሻው ፊደል ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ስሙ አጭር የሆነ ገበሬ አጭር ቢጫ፣ ስሙ ረጅም የሆነ ረጅም ቢጫ ይደርሰዋል። መዝገቡ ለዓይን ያስጠላል።

እንተር ስትጫኑ የሚገባው የማይታየው ምልክትም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። ስለዚህ ታጉን ከ3.0 እስከ 4.0 አድርጉት፤ 4.0 ራሱ አይካተትም። ምልክቱ ይካተትና ቀለሙ እስከ ሳጥኑ ቀኝ ጠርዝ ይዘረጋል። ባዶ መስመርም የሚቀባው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ውስጡ ከዚህ ምልክት ሌላ ምንም የለማ! በነገራችን ላይ መስመር የሚቆጠረው ከ1 ነው፣ ፊደል ግን ከ0። እዚህ ጋ የማይሳሳት ጀማሪ አላየሁም።

«በአማርኛ ሲጻፍ ቆጠራው ይዛባል።»
ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፊደላት ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል። የቴክስት ሳጥኑ ግን የሚቆጥረው ፊደል እንጂ ባይት አይደለም። የመጀመሪያው መስመር «ቡና» ብሎ ቢጀምር፣ ቃሉ ያለው ከ1.0 እስከ 1.2 ነው። በገዛ ፊደላችን ለመሥራት ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም።

«ከላይ አዲስ መስመር ከገባ ቀለሙ ቦታውን ይስታል።»
አይስትም፣ ታጉ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይወርዳል። የሚሳሳተው እናንተ ቀድማችሁ የያዛችሁት የመስመር ቁጥር ነው። አንዱን ነጭ፣ አንዱን ግራጫ እያላችሁ ከሆነ የቀባችሁት ግን ተራው ስለሚዛባ እንደገና መቀባት ግድ ነው።

«የተቀባ መስመር በማውስ አይመረጥም።»
ይመረጣል፤ አይታይም እንጂ። አንድ ተማሪ በዚህ ተስፋ ቆርጦ ኮዱን በሙሉ ሊሰርዝ ሲል ደርሼበታለሁ። ሁለት ታጎች ሲደራረቡ ከላይ የሚሆነው ኋላ የተፈጠረው ነው። የተመረጠ ጽሑፍን የሚያሳየው «ሰል» የሚባለው ታግ ደግሞ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ስለሚፈጠር ከሁሉም በታች ነው። «ታግ ሬይዝ» በሚለው ትዕዛዝ ወደ ላይ አውጡት፣ አለቀ።

«ሳጥኑ ከተቆለፈ ቀለም መቀየር አይቻልም።»
ይቻላል። ቁልፉ የሚከለክለው ጽሑፍ መጨመርና መሰረዝን ነው።

«ቀለሙ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል።»
አይቀመጥም። ጽሑፉን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ፋይል ላይ ስታስቀምጡ የሚሄደው ጽሑፉ ብቻ ነው። አፑ ተዘግቶ ሲከፈት ቢጫው የለም፤ ያልተከፈለው ገበሬም ከተከፈለው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ «አልተከፈለም» የሚለው ቃል ራሱ መስመሩ ላይ ይጻፍ እላለሁ። ቀለም ለይቶ ማየት የሚቸግረው ሰውም ያነበዋል። አፑ ሲከፈት ደግሞ ቃሉ ያለበትን መስመር ሁሉ እየፈለገ፣ ከመጀመሪያው እስከ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ድረስ መልሶ ይቀባዋል።