በጎጃም ትንንሽ ከተሞች የሥራ ተቋራጭ ፈቃድ

በጎጃም ገጠር ቤት ሲሠራ ተቋራጭ የሚባል ሰው የለም። ባህር ዛፍ ይቆረጣል፣ ማገር ይመታል፣ ጭድ የገባበት ጭቃ ይቦካል። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ይመርጋል። የፈቃድ ነገር የሚነሳው ብሎኬትና ብረት ሲመጣ፣ በተለይም ገንዘቡ የመንግሥት ሲሆን ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ዋና ትኩረቱ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ነበሩ። ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት መደባቸው። ምድብ ሀ ባለ አንድ ወለል ሆኖ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠው ነበር። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሁሉ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ባለሙያም ከፍ ይል ነበር።

ተቋራጮች ራሳቸው ጠቅላላ፣ ሕንፃ፣ መንገድ እየተባሉ ይለያሉ። ደረጃቸው ከ1 እስከ 10 ነው፤ 1 ትልቁ ነው። በሥራው ያሉት «ጂሲ 6»፣ «ቢሲ 5» ይላሉ፤ ጂሲ ጠቅላላው፣ ቢሲ የሕንፃው ነው። ደረጃው የሚሰጠው ባለሙያው፣ መሣሪያው እና አቅሙ ታይቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። መጀመሪያ የብቃት ማረጋገጫ ይወጣል፣ ንግድ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ይታደሳል። ካለፈ ቅጣት አለው። በኩር ጋዜጣ ላይ የወረዳ ጨረታ ያነበበ ሰው ቋንቋውን ያውቀዋል፦ በዘመኑ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ የጨረታ ማስከበሪያ። ግንባታውን ራሱን የሚፈቅደው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እሱ የባለቤቱ ጉዳይ ስለሆነ ከተቋራጩ ፈቃድ ጋር አይምታታ።

እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃድ መዋዋስ ነው። ወረቀቱ የአንዱ፣ ሥራው የሌላው ይሆናል። ማረጋገጫው የሚመሰክረው ስለ አንድ ድርጅት ባለሙያና መሣሪያ ነው። እነዚያ ሳይቱ ላይ ከሌሉ ደረጃው ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ቢቸና ወይም ደምበጫ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም አይቶ ብቻ አይመለስ። ብረቱን የሚያሳስረው ማን ነው? ኮንክሪት ሲሞላ ማን ይቆማል? ይህን ይጠይቅ።

ፈቃድ የሌለው ግንበኛ ቢሠራስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት የሠራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። በቃል የተስማማ ሰው ግን ይህን መብት ፍርድ ቤት ለማስረዳት ይቸገራል። ውሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርምበት። የርክክቡም ቀን ይጻፍ፤ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።