የዓሣ መራቢያው ለምን ለብቻው አይደመርም?

የሥነ ምህዳር አገልግሎት፣ ማለትም ተፈጥሮ ለሰው የምትሰጠው ጥቅም፣ በብር ሲሰላ የሚደመረው ሰው ዘንድ የሚደርሰው የመጨረሻ ጥቅም ብቻ ነው። ብዙዎችን የሚያደናግረው ይኸው ነው።

ጣና ዳር ያለውን የደንገል ረግረግ እንውሰድ። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይራባል፤ ጫጩቱም በደንገሉ መካከል ተሸሽጎ ያድጋል። አስጋሪው በሚሸጠው ዓሣ ዋጋ ውስጥ ይህ የመራቢያው ድርሻ አስቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ መራቢያውን ለብቻ ተምኖ ከዓሣው ላይ መደመር አንዱን ጥቅም ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ለታንኳ የሚታጨደው ደንገል ግን ሌላ ጥቅም ስለሆነ ይደመራል።

ደንቡ ይህ ነው፤ እንደ ወቅቱና እንደ ገበያው የሚለያየው የብሩ መጠን ነው።

አልተደመረም ማለት ግን ይጥፋ ማለት አይደለም! ረግረጉ ታርሶ ማሳ ከሆነ የዓሣው ገቢም አብሮ ይወርዳል። በጥበቃ ዕቅዱ ላይ መራቢያው በስሙ ይጻፍ፣ የዋጋው ዓምድ ባዶ ቢሆንም።