ጎማ ላይ ሳይፒንግ ማስጨመር፦ የሚወራውና እውነታው

ሳይፒንግ ማለት የጎማው ጥርስ ላይ በምላጭ እንደተበጣ ያለ ቀጭን መስመር (ሳይፕ) ነው። ማድ ቴሬይን የሚባሉት ባለ ትልልቅ ጥርስ ኦፍሮድ ጎማዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ትንሽ ነው ያላቸው፣ ለዛ ነው ብዙ የፒካፕ ባለቤት ላስጨምርበት እንዴ የሚለው።

«ጭቃ ላይ ያግዛል»
አያግዝም። ጭቃ ላይ የሚሰራው በጥርሶቹ መሀል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው፣ ጥርሱ ቆፍሮ ይይዛል ከዛ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ወርውሮ ራሱን ያፀዳል፣ ቀጭኗ መስመር ግን ወዲያው ተደፍና ቁጭ ነው። ለጭቃማ ንፋስ መቀነስ ይሻላል፣ ያውም በነፃ።

«እንግዲያው ዝም ብሎ ብር መብያ ነው»
ይሄም ልክ አይደለም። ውሃውን የሚያስወጣው ትልቁ ቦይ ቢሆንም ከዛ በኋላ የምትቀረውን ስስ የውሃ ሽፋን የሚሰብረው የሳይፑ ጠርዝ ነው፣ እርጥብ አስፋልትና በረዶ ላይ ወፍራም ድፍን ጥርስ የሚንሸራተተውም ይሄ ጠርዝ ስለሌለው ነው።

«በበዛ ቁጥር ይሻላል»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጥርሱ በተቆራረጠ ቁጥር ይልፈሰፈሳል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪው ዘግየት ይላል፣ ፍሬን ስትይዙም መኪናው ራቅ ብሎ ሊቆም ይችላል። የፋብሪካው ሳይፕ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሲጫን እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ በማሽን የተቆረጠው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ የሚደግፈው የለም። ስለታም ድንጋይ ያለበት መንገድ ከሆነማ የተቆረጠው ቦታ እየተገነጠለ ይሄዳል፣ የጥርሱን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። ጥልቀቱም ልክ አለው፣ ከስር ጥርስ ሳይነካ መቅረት አለበት፣ ከላስቲኩ ስር ጎማውን ወደሚያጠነክረው ክር ተጠጋ ማለት ጎማው አለቀለት።

«የበረዶ ጎማ ይሆናል»
አይሆንም፣ የበረዶ ጎማ ላስቲኩ ራሱ ሌላ ነው፣ ከ7 ዲግሪ በታችም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ተራውን ጎማ የፈለጋችሁትን ያህል ብትበጡት ብርድ ሲመጣ መድረቁ አይቀርም።

«ዋራንቲውን አይነካም»
ሊነካ ይችላል፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ።

ለኔ ነገሩ ስሜት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ወይ በረዶ የያዘው አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ነው፣ በተለይ ኦል ቴሬይን (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው) ጎማው ግማሽ ድረስ ተበልቶ የፋብሪካው ሳይፕ ጠፍቶ ጥርሱ ግን ገና ካለው። ካስቆረጣችሁ ደግሞ አራቱንም፣ የኋላውን ብቻ አስቆርጦ የፊቱን መተው መኪናውን ኩርባ ላይ ያልተጠበቀ ፀባይ ያሲዘዋል።