«የቀን ቅጣት» ሲባል እስር አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቡና እየጠጣን ነው። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬ የቅጣት ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና «አቦ፣ ይሄ ለኔ የሁለት ቀን ልፋት ነው፣ ለባለ ላንድክሩዘሩ ግን የሻይ» አለኝ። ልክ ነው። እኛ ጋ ቅጣቱ ጥፋቱን እንጂ ኪስህን አያይም።

ፊንላንድ ግን ያያል። እዚያ «የቀን ቅጣት» የሚባል አለ፣ በፈረንጆቹ 1921 የተጀመረ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ቅጣቱ የገንዘብ ነው። መጀመሪያ ለጥፋቱ የቀን ብዛት ይወሰናል፤ ይህ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው። የሚለያየው የአንዱ ቀን ዋጋ ነው፤ ከታክስ በኋላ ከሚደርስህ የወር ገቢ 255 ዩሮ ይቀነስና ለ60 ይካፈላል። በወር 1,455 ዩሮ የሚያገኝ ሰው አንዱ ቀን 20 ዩሮ ይሆንበታል፣ 12,255 የሚያገኘው ደግሞ 200። አሥር ቀን ቢወሰንባቸው አንዱ 200 ይከፍላል፣ ሌላው 2,000። ፍጥነቱን ትንሽ ላለፈ ሰው ግን እዚያም ቁርጥ ቅጣት ነው።

በ2023 አንደርስ ቪክሎፍ የሚባል ሀብታም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ ላይ በ82 ሲነዳ ተይዞ 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል።

ድሬ ላይ ቢመጣ? ሐሳቡን እወደዋለሁ። ችግሩ ገቢን ማወቁ ላይ ነው። የመምህሩ ደመወዝ ፔሮል ላይ ተጽፏል፤ ታይዋን ሰፈር በጥሬ ብር የሚነግደውን ማን ይቆጥርለታል? ያኔ ሙሉውን የሚከፍለው ያው ደመወዝተኛው ነው።