ዳታ ስትራክቸር፦ ኮርሱ ከየት መጣ፣ እንዴትስ ይሰጣል?

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው ፕሮግራሚንግ ትንሽ እንደለመደ ዳታ ስትራክቸር ይጠብቀዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ዳታው ሜሞሪ ውስጥ እንዴት ቢደረደር ነው የፈለግነው ቶሎ የሚገኘው? አንድ ሚሊዮን ቁጥር ዝም ብሎ ከተቀመጠ አንዱን ለማግኘት ሁሉንም ማየት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በቅደም ተከተል ከተቀመጠ ግን በባይነሪ ሰርች፣ ማለትም መሃሉን እያዩ ግማሹን እየጣሉ በመፈለግ፣ 20 ንጽጽር ይበቃል።

ሐሳቦቹ ኮርሱን ይቀድሙታል። ሊንክድ ሊስት፣ ማለትም እያንዳንዱ ዳታ ቀጣዩ የት እንዳለ የሚያመለክትበት ሰንሰለት፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከተመራማሪዎቹ ከኒዌል፣ ከሾው እና ከሳይመን ሥራ የመጣ ነው። ኤቪኤል ትሪ፣ ማለትም ቅርንጫፎቹን ራሱ የሚያመጣጥን የዛፍ ቅርጽ ያለው አደራደር፣ ደግሞ የ1962 ነው፤ ስሙም ከሁለት የሶቪየት ሳይንቲስቶች፣ ከአዴልሰን-ቬልስኪ እና ከላንዲስ የተወሰደ ነው።

ትምህርቱ ቅርጽ የያዘው በ1968 ነው። ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር በዚያ ዓመት ባወጣው ሥርዓተ ትምህርት ዳታ ስትራክቸርን ራሱን የቻለ ኮርስ አደረገው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የዶናልድ ክኑዝ «ዘ አርት ኦፍ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ» መጽሐፍ የመጀመሪያው ቅጽም በዚያው ዓመት ታተመ፤ ሊስት፣ ስታክ፣ ኪው፣ ትሪ የተባሉት የዳታ አደራደሮች ሁሉም እዚያ ተተንትነዋል። ከዚያ ኒክላውስ ቪርት በ1970 ፓስካል የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይዞ መጣ። ቋንቋው ለማስተማር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሪከርዱም (የተዛመዱ ዳታዎችን በአንድ የሚይዘው) ፖይንተሩም (ሌላ ዳታ ሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክተው) ግልጽ ብሎ ይታያል፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁን ለዚህ ኮርስ እንደ ፓስካል የተመቸ ቋንቋ የመጣ አይመስለኝም። በኋላ በፓስካል ቦታ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫ፣ ፓይተን ተተኩ።

ተማሪ የሚያዝበት ቦታ ግን አልተለወጠም፤ ፖይንተር ነው። ሊንክድ ሊስት መሃል አዲስ ኖድ (የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት) ሲገባ መጀመሪያ አዲሱ ወደ ቀጣዩ ማመልከት አለበት፣ ከዚያ ነው የቀድሞው ወደ አዲሱ የሚዞረው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ተማሪ ቀሪውን ሊስት በሙሉ ያጣዋል፣ ኮዱ ግን ምንም ሳይል ይሮጣል። ለዚህ ሣጥንና ቀስት በወረቀት ከመሳል የተሻለ መድኃኒት የለም። ቪዡአልጎን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ይህንኑ በአኒሜሽን ያሳያሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ብቻ ማየት መሥራትን አይተካም።

አከራካሪው ነገር ሁሉንም ከዜሮ መጻፍ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አንዳንዶች ላይብረሪ (ተጽፎ የተዘጋጀ ኮድ) እያለ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ሥራ ላይ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክፍል ውስጥ ግን ሀሽ ቴብልን (የዳታውን ቦታ ከራሱ ከዳታው አስልቶ የሚያገኘውን ሠንጠረዥ) አንዴ እንኳ በእጁ ያልጻፈ ሰው ሠንጠረዡ ሲሞላ ለምን እንደሚንቀራፈፍ በቀላሉ አይገባውም።

ዲስክ ላይ ያለ ዳታ ብዙውን ጊዜ ለዳታቤዝ ኮርስ ይተዋል። ባየር እና ማክክራይት የተባሉ ተመራማሪዎች ቦይንግ ኩባንያ ሳሉ ዲስክ ላይ ላለ ዳታ የፈጠሩት ቢ-ትሪ ታዲያ መሃል ላይ ይቀራል፤ አንዱ መምህር ሌላው ያስተምረዋል ብሎ ያልፈዋል።