በደርግ ዘመን ስለነበረው የ«ጴንጤዎች» ስደት በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

በደርግ ዘመን ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶባቸዋል። ይህን ያልሰማ የለም። ችግሩ አወራራችን ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ሲነሳ አንድ ዓይነት ነው፣ መድረክ ላይ ሲነገር ሌላ ዓይነት ነው፣ ወጣቶች ሲያወሩት ደግሞ ተረት ይመስላል። ዘመኑን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች እያረጁ፣ እያለፉም ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ላንሳ።

«ስደቱ የመጣው ከደርግ ጋር ነው»

አይደለም። የሙሉ ወንጌል (የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን) አማኞች ሕጋዊ ዕውቅና ለማግኘት በንጉሡ ዘመን፣ በ1959 ዓ.ም. ገደማ አመልክተው ተከልክለዋል። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ እሑድ ለጸሎት እንደተሰበሰቡ ከ200 በላይ ሰዎች ታፍሰው ታስረዋል። አብዛኞቹ ተማሪዎችና ወጣቶች ነበሩ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በእምነት አፈጻጸም ጣልቃ እንደማይገባ ይናገር ነበር። ግን «የሕዝብ ጸጥታን እስካላወከ ድረስ» የሚል መውጫ ነበረው። ያቺ መውጫ በቂ ነበረች።

ሕዝቡም ከደሙ ንጹሕ አልነበረም። «ጴንጤ» የሚለው ስም ራሱ ስድብ ነበር። ከቤት የተባረረ ልጅ አለ። አስከሬኑ የቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳይቀበር የተከለከለ አለ። ደርግ ሲመጣ ጎረቤት ቀድሞ ያገለለውን ሰው ነው ያገኘው።

«ደርግ ሃይማኖት የለሽ ስለነበር ሁሉንም አሳደደ»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለው ሰው በቀላሉ ያምነዋል። መጀመሪያ ላይ ደርግ የሃይማኖት እኩልነት ነበር የሚያውጀው። የሙስሊም በዓላት የሕዝብ በዓል ሆነው በአገር ደረጃ መከበር የጀመሩት ያኔ ነው። «መሬት ለአራሹ» ሲታወጅ ብዙ ወንጌላውያን ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል። በተለይ በደቡብና በምዕራብ ምዕመኑ ጭሰኛ ነበር። ለዘመናት የተገፋ ሰው መሬት ሲያገኝ ለምን አይደሰት?

ነገሩ የተበላሸው መንግሥት መታዘዝ ብቻ ሳይሆን ልብንም ሲፈልግ ነው። ስብሰባ ላይ ግራ እጅን ጨብጦ ማንሳት ግዴታ ሆነ። አብዮቱ ከሁሉም በላይ ነው ብሎ መፈከርም እንዲሁ። ለብዙው ሰው ይህ የአፍ ጉዳይ ነበር፤ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእነዚህ ሰዎች ግን «ከሁሉም በላይ» የሚባለው እግዚአብሔር ብቻ ነው። መንግሥትን እንቢ ያሉት እዚህች ነጥብ ላይ ነው። ግብር ይከፍሉ ነበር፤ በሥራቸውም የታመኑ ነበሩ። ያቺን አንዲት ቃል ነው ያልሰጡት። ባለ ሥልጣኑ ግን በዚያ ውስጥ «ጸረ አብዮት» አየ።

ደርግ የፈለገው ቁጥጥር መሆኑን የሚያሳየው ትልቁ ማስረጃ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ላይ ያደረገው ነው። አልዘጋትም። ፓትርያርኳን አቡነ ቴዎፍሎስን በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ሌላ ፓትርያርክ እንዲሾም አደረገ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ገደላቸው። ስለዚህ «የተሰደደው ጴንጤ ብቻ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በጎንደር ቤተ እስራኤላውያንም (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) የሃይማኖት መምህሮቻቸው ታስረውባቸዋል፣ ዕብራይስጥ ማስተማርም ተከልክለዋል። እነሱን ያነሳሁት ስለሚረሱ ነው።

«መጤ ሃይማኖት ነው፣ ከኋላው የውጭ እጅ አለ»

ይህ የደርግ ዋና ክስ ነበር። «የሲአይኤ ወኪል»፣ «የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ» ይባሉ ነበር። የሚያሳዝነው ክሱ ዛሬም በሰው አፍ መኖሩ ነው።

ሚሲዮናውያን መምጣታቸው አይካድም። የስዊድን፣ የፊንላንድ፣ የአሜሪካ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፍተዋል። ግን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሙሉ ወንጌልን የመሠረቱት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ናቸው። የሉተራን እምነት የምትከተለው መካነ ኢየሱስም ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያውያን የምትመራ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ የምዕራቡ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ መክፈል ትክክል አይደለም። ያኔ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ገንዘብ ሰጪውን ፊት ለፊት እንዲህ የምትሞግት ቤተ ክርስቲያን እንዴት የሰው እጅ መሣሪያ ትባላለች?

ደርግ የፌዴሬሽኑን ሬዲዮ ጣቢያ የወሰደውም በዚሁ ክስ ነው። ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ይተላለፍ የነበረው የወንጌል ብሥራት ድምፅ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

«ቤተ ክርስቲያኖቹ የተዘጉት በአዋጅ ነው»

እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። «ጴንጤ ክልክል ነው» የሚል አገር አቀፍ አዋጅ ግን አልወጣም። እንዲያውም የ1979ኙ ሕገ መንግሥት የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል። ወዲያው ደግሞ አፈጻጸሙ ከመንግሥትና ከአብዮቱ ጥቅም ጋር መጋጨት የለበትም ይላል። የንጉሡን ዘመን መውጫ አስታወሳችሁ?

ስደቱ የሚሠራው በቀበሌ ነው። እሑድ ጠዋት፣ ልክ በአምልኮ ሰዓት፣ ስብሰባ ይጠራል። የቀረ ይመዘገባል። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ ከአብዮት ጥበቃ ጋር መጥቶ «ቦታው ለወጣቶች ማኅበር ይፈለጋል» ይላል። ቁልፍ ይረከባል። ጸሎት ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ወይም የእህል መጋዘን ሆኖ ይቀራል። የታሰረው ክስ የለውም፣ ፍርድ ቤት አይቀርብም። መፈታት ከፈለገ ወረቀት ይቀርብለታል፤ «ሁለተኛ አልሰበሰብም» ብሎ ይፈርማል።

ለዚህ ነው ከቦታ ቦታ ልዩነቱ የሰፋው። ወለጋ ውስጥ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ተዘጉ። አዲስ አበባ ላይ ግን የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ክፍት ነበር። የሌሎቹ ሲዘጋ ወጣቱ ወደዚያ ጎረፈ፣ መዝሙሩንም ጸሎቱንም ይዞ ገባ። «እኛ ጋ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው ስትሰሙ ዋሸ አትበሉ። አስተዳዳሪው ሌላ ስለነበር ሊሆን ይችላል።

ከላይ በቀጥታ የመጣ ዱላም ነበር። የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን የሆነችው መሠረተ ክርስቶስ በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች። ሕንፃዎቿና የባንክ ሂሳቧ ተወሰደ፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ።

«ስደቱ ጠቀማቸው፣ እንዲያውም አበዛቸው»

ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማውም ከራሳቸው ከአማኞች ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። ደርግ ሲወድቅ 34,000 ያህል ሆነው ወጡ።

ግን ያበዛቸው ዱላው አይደለም። ያበዛቸው ሰዎቹ የሠሩት ሥራ ነው። አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ ይገናኙ ነበር። በተለያየ ሰዓት ይገባሉ፣ በተለያየ ሰዓት ይወጣሉ። ቡና ይፈላል፤ ሰው ቢመጣ ቡና ላይ ናቸው። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። ሰርግና ለቅሶ ሲኖር ያኔ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ምክንያት አለና። ወንዶቹ መሪዎች ሲታሰሩ ብዙውን የቤት ለቤት ኅብረት የያዙት ሴቶች ናቸው። ይህ ሁሉ ልፋት «ስደት ጠቀመን» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲዋጥ ቅር ይለኛል።

የተሰበሩትም አሉ። ሁሉም አልጸናም። ፈርሞ የወጣ አለ። ልጆቹ እንዳይራቡ ግራ እጁን ያነሳ አባት አለ። ከዩኒቨርሲቲ ተባርሮ ሕይወቱ እዚያው የቆመ ወጣት አለ። ከእስር ወጥቶ ስለዚያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሞተ አለ። ስለ እነዚህ መድረክ ላይ አይወራም። ተሸንፈዋል ስለሚባል ይመስለኛል። እኔ ግን መሸነፍ አልለውም። ማንም ሰው በእምነቱና በልጁ እራት መካከል ምረጥ ሊባል አይገባም ነበር።

የቄስ ጉዲናንም ቤት እዩ። ከአገር ይውጡ ተብለው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ያሉ ሰው ናቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ዑራኤል አካባቢ ካለችው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ባለቤታቸው ያኔ ተለቀቁ፤ በኋላ ግን እንደገና ተይዘው ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ፣ ተገረፉም። ባላቸው የት እንዳሉ የሚነግራቸው አልነበረም። መንግሥት አላውቅም አለ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸውን የቀበሩት በሰኔ 1984 ዓ.ም.፣ ከ13 ዓመት በኋላ ነው።