የቤት ውስጥ ጥቃት ምንድን ነው? ከባልና ሚስት ጠብ በምን ይለያል?

«የቤት ውስጥ ጥቃት ማለት ያው የተካረረ የባልና ሚስት ጠብ ነው፤ ጠብ የሌለበት ትዳር ደግሞ የለም።» ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ አንድ የተማሩ ሰው ይህን በሙሉ እርግጠኝነት ሲናገሩ ሰማሁ። ቀጥለውም ጥፋት ከሁለቱም ወገን እንደማይጠፋ፣ መፍትሔውም ሽማግሌ እንጂ ፖሊስ እንዳልሆነ አስረዱ። አጠገባቸው የተቀመጡት በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። አነጋገሩን በፖሊስ ጣቢያ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍና በቤተ ዘመድ ጉባኤ ስሰማው ኖሬአለሁ። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሕግ ድጋፍ በመስጠት ሥራ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም፤ ምክንያቱም ክፋት የሌላቸውን ሰዎች፣ ሊረዱ የመጡትን ጭምር፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ያሰማራል።

ጠብ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። ሁለቱም ይቆጣሉ፣ ሁለቱም ይመልሳሉ፣ ዛሬ አንዱ ቢሸነፍ ነገ ሌላው ይሸነፋል። ሲበርድ ሁለቱም ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ይመለሳሉ፤ ከጠቡ በኋላ በር በተከፈተ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው በቤቱ ውስጥ አይኖርም። ጥቃት ግን አገዛዝ ነው። አንዱ ሌላው የሚኖርበትን ደንብ ያወጣል፣ ደንቡ ተጥሷል ባለ ጊዜ ይቀጣል፣ ሲፈልግም ደንቡን ይለውጣል። ድብደባ፣ ዛቻ፣ ማዋረድ፣ በወሲብ ማስገደድ፣ ገንዘብ መንፈግ፣ ከዘመድና ከጓደኛ መነጠል፣ ልጆችን መያዣ ማድረግ፤ እነዚህ ሁሉ የአንዱ አገዛዝ መሣሪያዎች ናቸው። ዱላው ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጣም አልፎ አልፎ የሚመዘዘው እርሱ ነው።

በገበያ መንገድ ላይ ኬላ የዘረጋ ሽፍታን አስቡ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ነጋዴው ይተኩሳል፤ ጥይቱ ጆሮው ሥር ያልፋል፤ ነጋዴውም ይከፍላል። ከዚያ ወዲያ ጥይት አያስፈልግም። ነጋዴው ኬላው ጋ ሳይደርስ ገንዘቡን ቆጥሮ ያዘጋጃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሽፍታው በየትኛው ሰዓት እንደሚከፋው ያጠናል። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያን መንገድ ዓመቱን ሙሉ የሚያይ ሰው አንድ ተኩስ እንኳ ላይሰማ ይችላል፤ «ሰላማዊ መንገድ ነው» ብሎ ቢመሰክርም አይፈረድበትም። ሽፍታው ደግሞ አንዳንድ ቀን ነጋዴውን በነፃ ያሳልፈዋል፤ ውኃም ያጠጣዋል። ይህ ደግነት ኬላውን አያነሣውም። ይልቁንም ማለፍ መብት ሳይሆን የሽፍታው ችሮታ መሆኑን ለነጋዴው ደጋግሞ ያስተምረዋል። ከድብደባ ማግስት የሚመጣው ይቅርታና ስጦታ የሚሠራውም እንዲሁ ነው።

አሁን ሽማግሌዎች መጡ እንበል። ሁለቱን አስቀምጠው «አንተም ክፍያውን ቀንስለት፤ አንተም ጭነትህን አሳንስ፤ ሲቆጣ አትመልስለት» ብለው ያስታርቃሉ። ነጋዴው አመስግኖ ይሄዳል። የተነካው ክፍያው ነው፤ ኬላው እዚያው ቆሟል። ሽፍታው ደግሞ አሁን የሽማግሌዎቹም ምስክርነት አለው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲተኩስ «በሽማግሌ ፊት የገባውን ቃል አፈረሰ» ይላል።

ምሳሌው የሚያንስበትም ቦታ አለ። ነጋዴው ሽፍታውን አይወደውም፤ ልጅ አልወለደለትም፤ ማታ አጠገቡ አይተኛም። ሌላ መንገድ ቢመርጥም ሽፍታው ከተማ ድረስ ተከትሎ አይገድለውም። ሴቲቱ ግን እዚህ ላይ የባሰ ነገር ይጠብቃታል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ ቢኖር፣ የመገደል አደጋ በእጅጉ የሚጨምረው ለመለየት በወሰነችበትና ከተለየች በኋላ ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። «ለምን ትታው አትሄድም?» የሚለውን ጥያቄ የሚወረውሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥያቄውን በቀላሉ አይወረውሩትም ነበር።

ጥቃትን ከዱላ ጋር ብቻ ማያያዝ ሴቶቹንም ያሳስታል። ምክር ፍለጋ የሚመጡ ብዙ ሴቶች የሚጀምሩት «መትቶኝስ አያውቅም» ብለው ነው። ከዚያ ይቀጥላሉ፦ ደመወዜን እርሱ ነው የሚቀበለው፤ እናቴ ቤት ለመሄድ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ስልኬን ማታ ማታ ይፈትሻል፤ አንድ ቀን ቢላዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 በሚካሄደው የፀረ ጾታዊ ጥቃት የ16 ቀናት ንቅናቄ የምንሰቅላቸው ፖስተሮች ግን አሁንም ዓይኗ የጠቆረ፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ ሴት ያሳያሉ። ፖስተሩን ያየችው «መትቶኝ አያውቅም» ባይ «ይህ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው» ብላ ታልፋለች። ግንዛቤ ማስጨበጥ ከተባለ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ይህ ሥዕል ይመስለኛል።

ጥቃትን እንደ አገዛዝ ማየት የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዱሉት ከተማ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የኖሩትን ሲዘረዝሩ የሰሙ ባለሙያዎች ዝርዝሩን በአንድ ክብ ሥዕል አስቀመጡት። አካላዊና ወሲባዊ ጥቃት በጠርዙ ዙሪያ ነው፤ በመሐል ያለው ሥልጣንና ቁጥጥር ነው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለሥልጠና ያገለግላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። እንዲህ ያለው ጥናት በየቤቱ አንዲትን ሴት ለብቻዋ የሚጠይቅ ቢሆንም ፍርሃትና ሐፍረት መልሱን ስለሚያሳንሱት፣ ቁጥሩን እንደ ወለል እንጂ እንደ ጣሪያ አልወስደውም። መጀመሪያ ላይ የጠቀስኳቸው ተወያይ ግን ከዚያው ጥናት የመረጡት ሌላ ቁጥር ነበር፤ 63 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ማለታቸውን። በወንዶች በኩል ይህ 28 በመቶ ነው። «ሴቶቹ ራሳቸው ከተቀበሉት እኛ ምን አገባን?» አሉ።

ጥያቄው የዘረዘራቸውን ምክንያቶች ግን አላነበቡም። ምግብ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ብትከራከረው፣ ወሲብ ብትከለክለው። ከእነዚህ ውስጥ የሁለት ሰዎች ጠብ የሚባል የትኛው ነው? ሁሉም የተጣሰ ደንብ ናቸው። መከራከር እንኳ፣ ማለትም ጠቡ ራሱ፣ ለእርሷ የተከለከለ ነው። በኬላ ሥር የምትኖር ሴት የኬላውን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን መፍቀድ አይደለም። በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንምም አልተናገሩም። ገመናን መሸፈን ጨዋነት ተብሎ በሚያስመሰግንበት አገር ይህ ዝምታ ስምምነት ተብሎ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

የሚገርመው፣ ይህን አገዛዝ በሌላ ቦታ ስናየው ወዲያው እንለየዋለን። ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች እህታችን አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቢቀማ፣ ስልኳን ቢወስድ፣ ደመወዟን ቢይዝ፣ ከቤት እንዳትወጣ ቢከለክል፣ መትቷታል ወይ ብለን አንጠይቅም፤ በደል መሆኑ ግልጽ ነው። «ከሁለታችሁም ጥፋት አለ፤ ታረቁ» የሚላትም የለም። ያንኑ ባል ሲያደርገው ነው ስሙ ጠብ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ለባለሙያ ጆሮ የሚሆን ነገር ልጨምር። የሚጣሉ ሁሉ በአገዛዝ ሥር ናቸው አልልም። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ማይክል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበው ልዩነት መሠረት፣ ጭቅጭቅ ሲግል ከየትኛውም ወገን እጅ የሚሰነዘርበት፣ ነገር ግን አንዱ ሌላውን የማይገዛበት ግጭት አለ። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ወንዶችም ይጠቃሉ፤ ይህም እውነት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ግን «ማን መታ?» በሚለው ሳይሆን «ማን ማንን ይፈራል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን ለየብቻ ማናገር ግድ ነው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ «ምን አስቸገረሽ?» ተብላ የምትጠየቅ ሴት የምትሰጠው መልስ ምንም አይነግረንም።

ሕጉስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብረው በሚኖሩት ሰው ላይ በሚፈጸም ጥቃት የሚደርስን የአካል ወይም የአእምሮ ጤንነት ጉዳት ያስቀጣል። መልካም ነው። ነገር ግን አንቀጹ የሚመራው ወደ ተራው የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ነው፤ እነርሱ ደግሞ እያንዳንዱን ድርጊት ለብቻው ይመዝናሉ። ቀላል የአካል ጉዳት በመሠረቱ የሚያስከስሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። በተግባር ይህ ማለት ዘመድ አዝማድ የሚረባረበው አቤቱታዋን እንድትተው ነው፤ ስትተወውም መዝገቡ ይዘጋል፣ ኬላው ይቆያል። በዚያው ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር የሚለው ከጋብቻ ውጪ የሚፈጸመውን ብቻ ነው፤ ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015 የማያቋርጥ የማስገደድና የቁጥጥር አድራጎትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርገዋል፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም።  

ሽምግልናን ማጣጣሌ አይደለም። የወሰን ክርክርን፣ የውርስ ጉዳይን፣ የደም ቂምን ሳይቀር ያበረደ ትልቅ ሀብት ነው። የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን ያለ ፍርሃት መናገር ሲችሉ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ተጋቢዎች በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲነጋገሩ ማበረታታት ይቻላል፣ ማስገደድ ግን አይቻልም። «ቻዪው፤ ለልጆችሽ ብለሽ» የሚል ሽማግሌ ልጆቹ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሁሉን እንደሚሰሙ አይጠፋውም።

ታዲያ ድጋፍ ማለት ምንድን ነው? ከዚህ አተያይ ሲነሡ ድጋፍ ማለት የተነፈጋትን ውሳኔ መመለስ ነው። ስለዚህ «ዛሬውኑ ውጪ» ብሎ ማዘዝም፣ «ተመለሺ» ብሎ እንደ ማዘዝ ሁሉ፣ ሌላ አዛዥ መጨመር ነው። እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች የሚሰጡት መጠለያ ቤት አፍራሽ አይደለም፤ አድራሻው በምሥጢር የሚያዘውም እርሷን ለመደበቅ ሳይሆን የሚፈልጋትን ሰው ለማገድ ነው። በአሜሪካ የምትኖርና ባሏ «የመኖሪያ ወረቀትሽን አስከለክልሻለሁ» የሚላት ሴት ደግሞ፣ ባሏ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ ባሏ ሳያውቅ ለመኖሪያ ወረቀቱ በራሷ ስም ማመልከት እንደምትችል ብዙ ጊዜ የሚነግራት የለም። ይህን የሚያነብ ዘመድ ካላት ይንገራት፤ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ሳታማክር ግን ቅጹን አትሙላ።

እዚህ አገር ላለችው፦ ጉዳት ከደረሰባት ቁስሉ ሳይደርቅ የሐኪም ማስረጃ ታውጣ። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሳትታጠብና ልብሷን ሳታጥብ ትሂድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊስንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ ያሰባሰበ አገልግሎት አለ። የመታወቂያዋን፣ የጋብቻ ማስረጃዋንና የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ከቤት ውጪ፣ እርሱ በማይጠረጥረው ሰው እጅ ታስቀምጥ። ለመለየት ከወሰነችም ቀኑን ለእርሱ አትንገረው፤ ለታላቅ ወንድሙም ቢሆን።